የልጆቻችን መክሰስና የእኛ ሂሳብ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍሉ ተራ ሲደርስ የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፤ ጥያቄ ካለ በኋላ እንመለስበታለን። አሁን የምንናገረው በዚያው ሪፖርት ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው። «የስብሰባ መስተንግዶ» ትላለች። ሦስት ሳጥን ለስላሳ፣ ብስኩትና ዳቦ። ሁለቱ ሳጥን ለአባላት፣ አንዱ ይዘናቸው ለምንመጣው ልጆች። ለዓመታት ፈርመን ስናወራርደው የኖርነው ወጪ ነው። ደረሰኙ ትክክል፣ ድምሩም ትክክል። እኛም ከድምሩ አልፈን አይተነው አናውቅም ነበር።

እንድናየው ያደረገን የአንድ ልጅ ጉዳይ ነው። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ስትወስደው ነርሷ መዘነችው፣ ቁመቱን ለካችው፣ ሰንጠረዥ አየችና «ለዕድሜውና ለቁመቱ ክብደቱ በጣም ከፍ ብሏል» አለቻት። እናትየዋ ተቆጣች። «ልጄ ጠገበ እንጂ ታመመ እንዴ?» ብላ እጁን ይዛ ወጣች። ለጎረቤት ስትነግር ጎረቤትም አብሮ ተቆጣላት።

ከወር በኋላ ክፍሉ ታቦር ተራራን ሊወጣ ሄደ። ታቦርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሐዋሳ ልጅ እየተሯሯጠ የሚወጣው ነው። ይህ ልጅ ግማሽ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ተቀመጠ። ጓደኞቹ «ዱባው ቀረ» እያሉ አልፈውት ሄዱ። እሱ ለእናቱ አልነገራትም፤ የሰማችው ከጎረቤት ልጅ ነው። ስፖርት ባለበት ቀን ሁሉ ሆዴን አመመኝ የሚለው ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባት። እናትየዋ ማን ናት ብላችሁ ዙሪያችሁን አትፈልጉ፤ ይህን ወረቀት የምታነብላችሁ ናት።

ለምን እንደተቆጣን ስናስበው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ያሳደጉን እናቶች የ1977ቱን ድርቅ የሚያስታውሱ ናቸው። ለእነሱ የልጅ ጉንጭ መሙላት የምስራች ነበር። እስከ ዛሬም ዘመድ ቤታችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ልጃችንን ነው፤ «ከሳ» ካለን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደንም፤ «ወፈረ» ካለን ደግሞ ተመስገን እንላለን። እኛ ያላገኘነውን ለልጆቻችን ስንገዛ፣ እንደ እናት የተሳካልን የሚመስለን ለስላሳውን ከፍተን ስናቀርብ ነው። የቤቱም አባት ማታ ሲገባ በፌስታል የሚይዘው ብስኩትና ከረሜላ እንጂ ካሮት አይደለም። ካሮት ይዞ ቢገባ እኛው ራሳችን እንስቅበታለን።

ደጋፊዎቻችን «መቀንጨር ባስቸገረው አገር ስለ ልጅ ውፍረት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ብትሉን አንፈርድባችሁም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 1 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ ጥናት ደግሞ 37 በመቶና 2 በመቶ ሆነ። ነገር ግን ይህ ቁጥር ገጠሩንም ከተማውንም አንድ ላይ የሚያይ፣ ያውም ትንንሾቹን ብቻ የሚቆጥር ነው። እዚህ አገር በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ፣ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈውን ወደ 11 በመቶ ያደርሰዋል። በከተሞቻችን የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ችግሩ የተሻለ ገቢ ባላቸው ቤቶችና በግል ትምህርት ቤቶች ጎላ ብሎ እንደሚታይ ያሳያሉ። ማለትም እኛ ሠርተን፣ ቆጥበን፣ ተበድረን ልንደርስበት በምንሮጥበት ቤት ማለት ነው። በዓለም ደረጃ ደግሞ ዩኒሴፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ልጆች ክብደታቸው ካነሰው ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በልጠዋል። የእኛው ክፍለ አህጉር ገና እዚያ አልደረሰም።

መቀንጨርና ውፍረት በሁለት የተለያዩ ሰፈሮች የሚኖሩ ይመስለን ነበር። አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ልጅ፣ ቤቱ ገንዘብ ማግኘት ሲጀምር ስኳርና ቅባት ከበዛበት፣ ሲያድግ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። ሁለቱንም ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሆድ የሚሞላ ግን አካል የማይገነባ ምግብ።

አሁን ወደምናውቀው ሥራ እንግባ፤ እንደምር። የዚያን ልጅ የአንድ ቀን ስኳር ነው የምንደምረው፤ ጠዋት ሻይ ከሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር። የምሳ ቦርሳው ውስጥ የፓኬት ጁስ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብበን ስንቆጥር አምስት ማንኪያ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቅ ጎራ ብሎ አንድ ኮላ፤ በተለመደው 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ስምንት ማንኪያ ማለት ነው። ማታ አጥሚት ከሁለት ማንኪያ ጋር። ድምር 18። ብስኩቱን አልቆጠርነውም።

የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 1600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ ጣሪያው 10 ማንኪያ፣ የተሻለው 5 ማንኪያ ነው። ከ18ቱ ውስጥ 16ቱን ያቀረብነው በብርጭቆ፣ በጁስና በጠርሙስ መሆኑን ልብ በሉ። የተጠጣ ስኳር እንደተበላ ምግብ አያጠግብም፤ ልጁ ጠጥቶም እራቱን እንደወትሮው ይበላል።

ስኳሩ ብቻ ነው እንዳንል ሌሎቹንም እንይ። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ የብስክሌት ከተማ ናት እየተባለች ያደግንባት ናት። እኛ ትምህርት ቤት የሄድነው በእግር ወይም የወንድማችን ብስክሌት ኋላ ተፈናጠን ነው። ዛሬ ልጆቻችንን አሥር ደቂቃ ለማያስኬድ መንገድ በባጃጅ እንልካቸዋለን። መኪናው ያስፈራናል፤ ፍርሃታችንም እውነት ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ አከራይ ኳስ አይወድም። የቀረው ስልክና ቴሌቪዥን ነው፤ እያዩ ሲበሉ ደግሞ መጥገባቸውን አያውቁትም። እንቅልፍ ማነስም ያወፍራል። በዘር የሚመጣ ዝንባሌም አለ፤ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት በልተው አንዱ ብቻ ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ ወፍራም ልጅ ያላትን እናት አይታችሁ ጥፋቱ የእሷ ነው እንዳትሉ። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ውስጥ በየቀኑ በእኛ ቦርሳ የሚወሰነው፣ ምን ተገዝቶ ቤት እንደሚገባ ነው። ልጅ ቤት ውስጥ የሌለውን አይበላም።

ጉርሻን ማንሳታችን ያስቀይማል መሰለን፤ ግን ይነሳ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለን ሁለት እናደርገዋለን፤ ሦስተኛው የፍቅር ነው። ለትልቅ ሰው ደስ ይላል። ልጅ አፉን ዘግቶ ፊቱን ሲያዞር ግን «ይህቺን ብቻ፣ ለእናቴ፣ ለአባቴ» እያልን የምናጎርሰው፣ በቃኝ የሚለውን ስሜት እያስረሳነው ነው። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች፤ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ ይወስናል። እኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነበር። ምን እንደሚበላ ልጁ አልቅሶ ይወስናል፤ ምን ያህል እንደሚበላ እኛ እንወስናለን።

ስህተታችንንም እንናገር። ያ ልጅ ከታቦር ከተመለሰ በኋላ እናቱ በአንድ ቀን ሁሉንም ልታስተካክል ተነሳች። የአክስቱ ልጆች ኬክ ሲበሉ እሱን በሰው ፊት ከለከለችው። ከሳምንት በኋላ ፍራሹ ሥር የብስኩት ልጣጭ ተገኘ። ያንን ልጣጭ በእጅ ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል እንዲህ በንግግር አይነገርም። ያን ጊዜ ወደዚያችው ነርስ ይቅርታ ጠይቀን ተመለስን። እሷም፣ ልጅ እያደገ ስለሆነ ማስራብ አያስፈልግም፣ ክብደቱ ባለበት ቆይቶ ቁመቱ ከጨመረ ይበቃል፤ ለእሱ ለብቻው ሳይሆን የቤቱን ሁሉ ማዕድ ለውጡ አለችን። ለስላሳ ለበዓል ሆነ፤ ለአባትየውም ጭምር። ሻዩ ወደ አንድ ማንኪያ ወረደ። የምሳ ቦርሳው ውስጥ ሙዝ፣ ቆሎ፣ አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል ገባ። በጾም ቀን «ምን ልስጠው» ብለን ብስኩት እንገዛ የነበረውን በንፍሮና በአቮካዶ ተካነው። ትምህርት ቤት ከሰፈር ልጆች ጋር በእግሩ ይሄዳል። ዓመት ሊሆነው ነው። ቁመቱ ጨምሯል፣ ክብደቱ ብዙም አልጨመረም። ታቦርን ገና አልወጣም።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ከተዘዋዋሪ ፈንዳችን ተበድረው ትምህርት ቤት በር ላይ ቺፕስ የሚጠብሱ፣ ብስኩትና ለስላሳ የሚሸጡ እህቶች አሉን። ብድር አመላለሳቸው ከማንም የተሻለ መሆኑን ሂሳቡን የምንይዘው እኛ እናውቃለን። ገበያቸው ልጆቻችን ናቸው። ማኅበሩ ከዚያ ወለድ አገልግሎት ይሰጣል፤ ይህ ወረቀት የታተመበትም ገንዘብ ከዚያው ነው። እነዚህን እህቶች ነገ አቁሙ ብንላቸው ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ዝም ብንልም የሌላዋ አባል ልጅ አለ። ይህን ሁለት ቀን ተነጋግረንበት መፍትሔ አላገኘንለትም፤ የደረስንበት ግማሽ መንገድ ነው። አዲስ ብድር ስንሰጥ ለቆሎ፣ ለተቀቀለ ኦቾሎኒ፣ ለንፍሮ፣ ለሙዝና ለአቮካዶ ንግድ ቅድሚያ እንስጥ፤ የመክፈያ ጊዜውም ረዘም ይበል፤ ፍራፍሬ ይበላሻልና ኪሳራው እንዳያስደነግጣት። ቺፕስ የምትሸጠዋም ጎኑ ላይ ቆሎ ትጨምር፤ የሚገዛትን እኛው እንላክላት። የዋጋ ንጽጽር ሠርተን ነበር፤ ጽሑፉ እስኪታተም ስለሚለወጥ ተውነው። ሙዙ ግን ከለስላሳው እንደማይወደድ ራሳችሁ ጉሊት ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሐይቁ ደጃችን ሆኖ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በየቀኑ እየወጣ፣ ልጆቻችን ዓሣን የሚያውቁት በዘይት ተጠብሶ ብቻ መሆኑም ያስቆጫል፤ በሾርባና በወጥ የሚሠሩ አባላት አሉን፣ ያሳዩን።

ሌሎች አገሮች ነገሩን ለእናት ብቻ አልተዉትም። ቺሊ በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ አድርጋለች፤ እንዲህ ያለው ምግብ በትምህርት ቤት እንዳይሸጥም ከልክላለች። የእኛም አገር በለስላሳ መጠጥ ላይ ኤክሳይስ ታክስ ታስከፍላለች፤ የትምህርት ቤት በር ግን ገና የማንም አይደለም። ከወላጅ ኮሚቴዎች ጋር መነጋገር የምንችል ይመስለናል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን፤ በቅንነት ተቀበሉን። በበዓል ለልጆቻችን የምታመጡት ካርቶን ከረሜላና ብስኩት የፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ዘንድሮ ኳስና የመዝለያ ገመድ ቢሆንልን ደስታችን ነው። ብስክሌት ካላችሁ ደግሞ አንጠላም።

በመጨረሻም ያቺ የሪፖርቱ መስመር። ለመጪው ወር ሦስቱ ሳጥን ይታዘዝ ወይስ በውኃ፣ በሙዝና በቆሎ ይተካ የሚለውን የሂሳብ ክፍሉ ብቻውን መወሰን አይችልም፤ ጉባኤው እጅ አውጥቶ ይወስን። እትዬ ሊቀመንበር፣ መድረኩን ለእርስዎ ለቀናል።