«ይህ» እና «ያ»፦ ከግዕዝ እስከ ጉርድ ሾላ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ወደዚህ አዳራሽ በደኅና መጣችሁ።

«ወደዚህ» አልኩ እንጂ «ወደ ይህ» አላልኩም። ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ ጉርድ ሾላ ስትደርሱም «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ነው ያላችሁት። ብቻውን ሲቆም «ይህ» የምንለው ቃል መስተዋድድ ሲቀድመው «በዚህ፣ ከዚህ፣ ለዚህ» ይሆናል፤ «ያ»ም «በዚያ፣ ከዚያ»። ይህቺ «ዘ» ከየት መጣች?

ከጥንትም ነበረች። ግዕዝ ቅርብ ላለ ወንድ «ዝንቱ»፣ ለሴት «ዛቲ»፣ ራቅ ላለው «ዝኩ» ይላል። ትግርኛ «እዚ» ብሎ ይዟታል፤ ዕብራይስጥ «ዜ»፣ ዓረብኛ ደግሞ ምላስን በጥርስ መሀል አድርጎ «ሃዛ» ይላል። ከአክሱም ሐውልቶች የቀደመ የሴማውያን ልሳናት የጋራ ጥሪት ነው። አማርኛ በቃል መነሻ ሲያገኘው ወደ «የ» ለወጠው፤ መሀል የገባውን ግን አልነካውም። ግዕዝ «ዘኢትዮጵያ» ያለውን እኛ «የኢትዮጵያ» ማለታችንም የዚሁ ለውጥ ፈለግ ነው።

እንግሊዝኛ የምታውቁ «ዚስ»ም የ«ሃዛ» ዘመድ ነው ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። «ዚስ» እና «ዛት» ከጀርመናውያን የቋንቋ ቤተሰብ የመጡ ናቸው፤ ድምፁ የገጠመው በአጋጣሚ ነው።

ግዕዝንና አማርኛን አስተያይቶ መመርመር የቆየ ሥራ ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በፍራንክፈርት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1698 ነው። መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1649 ሮም ላይ ተዋወቁ፣ በ1652 ደግሞ ጎታ ከተማ ድረስ ጋበዛቸው። ምሁሩ ሉዶልፍ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ግማሹን ክብር ለአባ እሰጣለሁ።

ከሁለቱ ቃላት የማደላው ለ«ያ» ነው። የቦታ ርቀት ብቻ አላረካውም፤ «ያኔ» ብሎ ወደ ዘመን ተሻገረ፣ ከዘመንም ወደ ቁጭት። «ያ ትውልድ» ሲባል የትኛው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ክፍሉ ታደሰም ለኢሕአፓ ታሪክ መጽሐፉ ይህንኑ ርዕስ መረጠ።

አማርኛ በግዕዝ ያልነበረ ነገርም ጨመረ፦ ለአንድ ሰው የሚሆን የአክብሮት መጠቆሚያ፣ «እኚህ» እና «እኒያ»። «ያ ሽማግሌ» ብትሉን ዕድሜውን ነገራችሁን፤ «እኒያ ሽማግሌ» ካላችሁ ግን ስማቸው ሳይጠራ ከወንበራችን እንነሣለን።