የቅንጭቡ አጥር ሲነሣ



ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ሳንጃ የደረሰ እንግዳ፣ በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል እዚህም እዚያም ቅጠሉ እምብዛም የማይታይ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ አረንጓዴ በትር የሆነ ጥቅጥቅ ያለ ቅጽር ቆሞ ያያል፤ ይኸውም አባቶቻችን ለቆላው ግቢ የመረጡት ቅንጭብ ነው። ምርጫቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቅንጭብ ዘር ሳይሻ ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት የሚጸድቅ፣ ሐሩሩን የሚታገሥ፣ ይልቁንም የግራርን እሾህ ሳትፈራ ቀንበጡን የምትለቅመው ፍየል እንኳ አፏን የማታነሣበት ዕፅ ነውና፣ ገንዘብ የሌለው አባወራ ያለ አንዳች ወጪ ቤቱን ያጥርበት ነበር።

ዳሩ ግን ይህ ተክል ከርካሚ ካጣ መጠኑን አያውቅም። ከዓመት ዓመት ወደ ላይም ወደ ጎንም እየተንሰራፋ ግቢውን ያጠብባል፣ ዶሮዎች እንቁላላቸውን ይሸሽጉበታል፣ እባብም በቀትር ይጠለልበታል። ባለቤቱ በበኩሉ በዚያ ሥፍራ ማንጎ ሊተክል፣ የውኃ ሮቶ ሊያቆም፣ ለቡና መጠጫ የሚሆን ዳስ ሊጥል ይመኛል። ግቢው ከመንገድ ይታይ የሚለውም ምኞት ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ጎንደር ደርሷል፤ የሳንጃ እናቶች ግን የቡናቸውን ሲኒ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲቆጥርላቸው የሚሹ አይመስለኝም።

እኔ ይነቀል ከሚሉት ወገን ነኝ። የምቃወመው አንድ ቀን ማለዳ ምሳር አንሥቶ፣ ሳይጠይቁና ሳይመክሩ፣ እስከ ማታ ድረስ ባዶ ሜዳ ማድረግን ነው። የቆየ አጥር የሁለት ጎረቤት የጋራ ምስክር ነውና። በክልላችን ለገበሬው በመጀመሪያ የታደለው የመሬት ይዞታ ደብተር በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ እያለ አዋሳኙን በስም ጻፈ እንጂ፣ ወሰኑ በየትኛው ጉቶ ላይ እንደሚያልፍ የሚያሳየው በመሬቱ ላይ የቆመው ተክል ነበር። ስለዚህ ጎረቤትን ጠርቶ፣ ሁለት ሽማግሌ አቁሞ፣ ጉቶው ከመነሣቱ በፊት በሥፍራው የድንበር ድንጋይ መትከል፣ በኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ከመንከራተት ያድናል።

ቆረጣው ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። በተቆረጠ ቁጥር የሚንዠቀዠቀው የቅንጭብ ወተት ቆዳን ይለበልባል፣ ዓይን ውስጥ ከገባም ብርቱ ሕመም ያመጣል፣ ብርሃንንም እስከ መንሣት ይደርሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ ፊቱን በነጠላ ጠቅልሎ፣ ከጫፍ ወደ ሥር ጥቂት በጥቂት ይከረክማል፤ ላቡ ወደ ቅንድቡ ሲወርድም በእጁ አይጠርግም፣ አንገቱን ነቅንቆ ያራግፈዋል እንጂ። አጠገቡም ንጹሕ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይቀመጣል፤ ዓይን ከተነካ ወዲያው በብዙ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ከጥሻው ሆድ የሚወጣው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፦ የዶለዶመና የዛገ ማጭድ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ ልጆች ያለቀሱለት የጨርቅ ኳስ።

በአጥር መካከል የሚበቅለውን ሁሉ አረም ብሎ መጥራትም ችኮላ ነው። በደጋው በየአጥሩ የሚንጠላጠለውን እንዶድ ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ነበር፤ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ በዚህ ተክል ማጥፋት እንደሚቻል ያሳየውን ረጅም ምርምር የጀመረውም ከዚያ ነው። ይህ ለሳንጃ ባዕድ ወሬ አይደለም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በከተማይቱ ከተመረመሩት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 80 በሚበልጡት ላይ የአንጀት ቢልሃርዝያ እንደተገኘ ጽፏልና። እንግዲህ ከደጋ እንዶድ አምጥቶ ያላመደ ሰው ቢኖር፣ ከቅንጭቡ ጋር አብሮ ባይመነግለው እወዳለሁ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የበጋው ወራት ይመረጣል፤ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ የወደቀው ቁራጭ ቶሎ ሥር አይሰድም፣ ለማንጎው የሚሆነውም ጉድጓድ እስከ ክረምት ተቆፍሮ ይቆያል። ነገር ግን አጥሩ ከተነሣበት ቀን እስከ ሐምሌ ድረስ ግቢው ለመንደሩ ፍየል ሁሉ የተከፈተ ማዕድ ነውና፣ በክፍተቱ የቁርቁራ እሾህ መደርደር ግድ ይሆናል። የተቆረጠውንም ቅንጭብ እርጥቡን ማንደድ አይገባም፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ በወንዝ አፋፍ መጣልም አይበጅም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው በዚያው ጸድቆ ወደ ውኃ የሚወርደውን የከብት መንገድ ይዘጋል። ከድንጋይ ክምር ላይ አስጥቶ፣ ፀሐይ ወተቱን እስኪጨርሰው ድረስ ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ማቃጠል ይሻላል።