ታኬታ ያጠለቀ ሰንሰለት፦ በግግር በረዶ ላይ ስለ መያዝና ስለ መቆም



አማርኛ ተናጋሪ በዕለት ተዕለት ንግግሩ ሰማይ የሚጥለውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም በደፈናው «በረዶ» ይለዋል። ለዛሬው ጉዳይ ግን ሁለቱን መለየት ግድ ነው። እንደ ጥጥ ብናኝ እየረገፈ የሚከመረው አመዳይ ነው፤ ሐይቅ ሲጋገር የሚፈጠረው ጠጣር ደግሞ ግግር በረዶ። ስኖውሞቢል ለመጀመሪያው ተሠርቶ በሁለተኛው ላይ የሚፈተን ተሽከርካሪ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከፊት መሪው የሚያዛቸው ሁለት መንሸራተቻዎች አሉት፤ ከኋላ ሞተሩ የሚያሽከረክረው አንድ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት። በሰንሰለቱ ላይ የበቀሉት የጎማ ጥርሶች አመዳዩን እየቧጠጡ ወደ ፊት ይገፋሉ። ግግር በረዶ ላይ ሲደርሱ ግን የሚቧጥጡት ነገር ያጣሉ፤ ሳሙና የፈሰሰበት ሴራሚክ ላይ እንደቆመ ጫማ ይሆናሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። መንሸራተቻዎቹ ፍሬን የላቸውም። ያለው ፍሬን ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ዘንግ ብቻ ነው የሚይዘው። አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ ሰንሰለቱ ይቆማል፤ ሰንሰለቱ በረዶውን ካልጨበጠ ግን ማሽኑ ከነሰውየው እየተንሸራተተ ይሄዳል። እንግዲህ በሰንሰለት ላይ የሚታሰረው ሹል ችንካር ከፍጥነት በፊት የመቆም ጉዳይ ነው።

የዚህ ተሽከርካሪ ታሪክ ራሱ በጊዜ መድረስ ካልተቻለበት ሐዘን ጋር የተቆራኘ ነው። ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 በካናዳዋ ኬቤክ ግዛት ቫልኩር በምትባል መንደር አካባቢ ተወለደ። በ1934 ክረምት ትንሹ ልጁ ኢቮን ትርፍ አንጀቱ ታሞ ሆስፒታል መድረስ ነበረበት። መንገዱ በአመዳይ ተዘግቶ ስለነበር ልጁ ሞተ። መካኒኩ አባት ከዚያ ቀደምም በአመዳይ ላይ የሚሄድ መኪና ይሞክር ነበር፤ ከሐዘኑ በኋላ ግን ሥራውን አልለቀቀውም። በ1937 በጥርስ መዘውር ለሚነዳው ሰንሰለት የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። ቀጥሎ ሰባት ሰው፣ ከዚያም 12 ሰው የሚጭኑ ማሽኖች ወጡ፤ ሐኪም፣ ፖስታና ተማሪ ያመላልሱ ነበር። ትንሿና ክፍቷ ስኪዱ በ1959 ስትመጣ ሞተሯ ከ10 የፈረስ ጉልበት በታች ነበር። ዛሬ ከ150 በላይ የሚያወጣ ማሽን ከሱቅ ይገዛል። በእንዲህ ያለ ጉልበት ላይ ለስላሳ ጎማ ብቻውን ግግር በረዶን ሊጨብጥ አይችልም።

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ኢግል ሪቨር ከተማ ከ1964 ጀምሮ የሚካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር ይህን በጉልህ ያሳያል። ውሃ እየተረጨ በተጋገረ ሞላላ ሜዳ ላይ ተወዳዳሪዎች ወደ ግራ ብቻ እየታጠፉ ይሽቀዳደማሉ። ሰንሰለቶቻቸው እንደ ጃርት ጀርባ በሹል ብረት የተሞሉ ናቸው። ነገር ግን የእነሱን ስሌት ለጫካ መንገድ መዋስ ትክክል አይደለም። እነሱ ግግር በረዶ ብቻ ነው የሚነዱበት፤ ተራው አሽከርካሪ በአንድ ቀን አመዳይ፣ ሐይቅ፣ አፈርና አስፋልት ያቋርጣል።

ችንካሩን በእጅ ይዞ ለሚያየው ሰው እንግዳ ነገር የለውም። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ቡሎን ነው። ከሰንሰለቱ ውስጠኛ ገጽ ገብቶ ጎማውን በስቶ ይወጣል፤ በውጭ በኩል ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሰፊ ሮንዴላ ይደረግበትና በዳዶ ይታሰራል። በጫፉ ላይ ከብረት እጅግ የሚጠነክር የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣት ተተክሏል። ካርባይዱ ከሌለ ሹልነቱ ጠጠርና አስፋልት ላይ ቶሎ ይዶለዱማል።

ርዝመቱን መምረጥ ከኳስ ተጫዋች ታኬታ ጋር ይመሳሰላል። አጭሩ ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፣ ረጅሙ ደረቅ ሜዳ ላይ ጉልበት ይሰብራል። እዚህም ጫፉ ከጎማው ጥርስ በላይ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቢወጣ ለመንገድ ጉዞ ይበቃል። ጥርሱ 25 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሰንሰለት ወደ 34 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ችንካር ይመረጣል። ከዚያ ሲረዝም ሁለት ጉዳት ይከተላል። አንደኛ፣ ችንካሩ እየተጎነበሰ ጎማውን ይቀድዳል። ሁለተኛው ይከፋል፤ ሰንሰለቱ ከመቀመጫው ሥር ካለው የብረት ጣሪያ ጋር በጣት ርቀት እየተላለፈ ነው የሚዞረው፣ በዚያ ጣሪያ ላይ ደግሞ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ቱቦ ተዘርግቷል። የረዘመ ችንካር ቱቦውን ከቀደደው ጉዞው በጫካ መሐል ያበቃል። ስለዚህ በጣሪያው ላይ መከላከያ ሐዲድ ሳይገጠም የመጀመሪያው ቀዳዳ ሊበሳ አይገባም። ለጥልቅ አመዳይ የተሠሩት፣ ጥርሳቸው ከ44 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ሰንሰለቶች ግን በአብዛኛው ለችንካር አይሆኑም። ጎማቸው ስስ ስለሆነ የታሰረውን ይለቅቃል።

ስንት ይታሰር? በየጋራዡ «ለአንድ የፈረስ ጉልበት አንድ ችንካር» የሚል ልማድ አለ። እንደ መነሻ አይከፋም፤ እንደ ሕግ ከተያዘ ግን ያሳስታል። 307 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውና በየ64 ሚሊ ሜትሩ አንድ ረድፍ ጥርስ የበቀለበት ሰንሰለት 48 ረድፍ ይኖረዋል። 96 ችንካር ማለት ለረድፍ ሁለት፣ 144 ማለት ለረድፍ ሦስት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ብረት የሚሽከረከር ክብደት ይሆናል፣ ሞተሩም ይሸከመዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ አቀማመጡ ይበልጣል። ሁለት ችንካሮች በአንድ መስመር ከተከታተሉ ኋለኛው ፊተኛው በከፈተው ጭረት ውስጥ ይገባል እንጂ አዲስ በረዶ አይነክስም፤ ገበሬ በአንዱ ትልም ላይ ደጋግሞ ቢመላለስ ማሳው እንደማይታረስ ሁሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ትልም እንዲያወጣ ተደርጎ ይበተናል። በሰንሰለቱ መካከለኛ ክፍል ላይ ያሉት ለመነሳትና ለመቆም ይረዳሉ፤ በጎንና በጎን ያሉት ኋላው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዙታል።

ትልቁ ስህተት ግን የሚሠራው ከፊት በኩል ነው። ኋላው በ144 ችንካር በረዶውን ነክሶ ሲገፋ፣ ከመንሸራተቻዎቹ ሥር ያለው ዘንግ ተራ ብረት ከሆነ፣ አሽከርካሪው መሪውን ቢያዞርም ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኩርባው ላይ ዛፍ ወይም ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል። ችንካር ሊያስገጥም የወሰነ ሰው በዚያው ቀን ለመንሸራተቻዎቹም ካርባይድ የለበሰ ዘንግ መግዛት አለበት፤ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ ሁለቱንም ማቆየት ይሻላል።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የማሽኑ ኋላ ከመሬት ከፍ ይደረጋል፣ ቅርጸ ንድፉ በጠመኔ ይነጠባል፣ ከዚያም ይበሳል። ለዚህ ተራው የትራፓኖ መብሻ አይመከርም፤ ጎማውን ይቦጫጭቃል። ጫፉ ክፍትና ስለታም የሆነ ቱቦ መሰል መቁረጫ ጥርት ያለ ክብ ያወጣል። በጎማው ውስጥ አግድም የተቀበሩትን የፋይበርግላስ ዘንጎች መንካት ሰንሰለቱን ማዳከም ነው። የውስጡ መሽከርከሪያዎችና ማንሸራተቻ ሐዲዶች የሚያልፉበት መስመርም ነጻ መሆን አለበት። ዳዶው የሚጠብቀው የችንካሩ ራስ ከውስጠኛው የጎማ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሮንዴላው ይጎብጣል።

ችንካር የማይሰጠው ነገርም አለ። ባዶ ግግር በረዶ ላይ ሰንሰለቱ የሚበትነው አመዳይ ስለሌለ ማቀዝቀዣውም፣ የማንሸራተቻ ሐዲዱ ፕላስቲክም ይግላሉ። ችንካር ሐይቁንም አያወፍረውም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ለስኖውሞቢል ከ13 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ አዲስ በረዶ እንዲኖር ይመክራል። በዚያው ግዛት አስፋልት በለበሱ የሕዝብ ዱካዎች ላይ ብረት የታሰረበት ሰንሰለት መንዳት ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ንጣፉን ያርሰዋል።

ከመጀመሪያው የጉዞ ቀን በኋላ ዳዶዎቹ አንድ በአንድ ዳግም ይጠብቃሉ፤ ጎማው ስለሚተኛ ይላላሉና። የጎበጠው ይለወጣል፣ የወደቀው ቀዳዳው ሳይሰፋ ይተካል። ብዙዎች በዚያ ቀን ማታ ሰንሰለቱ ላይ የተጋገረውን በረዶ ለማርገፍ የማሽኑን ኋላ አንስተው ሞተሩን ያስጮኻሉ። የላላ ችንካር በዚያች ቅጽበት እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ከኋላ በኩል ያለው ሜዳ ባዶ መሆን አለበት፤ በተለይ ልጆች ሊያዩ ሲሰበሰቡ።