ያለ ሙሽራ የተጨፈረ ጭፈራ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ጭፈራ ጥናት ጥቂት ለመናገር ነው። ይህ ነገር ሲነሣ ፈገግ የሚል ሰው እንዳለ እናውቃለን። «ጭፈራ ይጨፈራል እንጂ ይጠናል ወይ?» ያለንም አልጠፋም። እኛ ግን መልሱን የምንሰጠው በመመካት ሳይሆን፣ የሠራነውን ስሕተት በመናዘዝ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከመካከላችን አምስት ሆነን የሠርግ ጭፈራ በፊልም ለመቅረጽ ወደ አንድ የወሎ ገጠር ሄድን። ሐምሌ የእርሻ ወር እንጂ የሠርግ ወር አለመሆኑን ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ ዕረፍት ያገኘነው ያን ጊዜ ስለሆነ ብቻ ነው። የአገሩ ሰዎች እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብለው ሥራቸውን ትተው በአንድ ግቢ ተሰበሰቡልን። መቅረጫውን ስንተክል አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ሙሽራዋ የታለች?» ብለው ጠየቁን። ሙሽራ እንደሌለች፣ ነገሩ ለትምህርት ብቻ እንደሆነ አስረዳን። እርሳቸውም፣ «ታዲያ ያለ ሙሽራ ማንን እናሞግስ?» ብለው ዳር ይዘው ተቀመጡ። ወጣቶቹ ግን እንዳናዝን ብለው ተሰልፈው ጨፈሩልን። እኛም ደስ ብሎን ተመለስን።

ከተመለስን በኋላ ፊልሙን ደጋግመን ስናይ ነገሩ ገባን። ጨፋሪዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በአንድ ረድፍ ቆመዋል። በሠርግ ቤት ግን እንዲህ ያለ ረድፍ የለም። አጨብጫቢው ዙሪያውን ይከባል፤ ሁለት ሰዎች ወደ መካከል ገብተው ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ሲደክማቸው ለሌላው ይለቃሉ። ወጣቶቹን ብንጠይቃቸው ያን አሰላለፍ የተማሩት ከቴሌቪዥን መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩን። እንግዲህ እኛ ያደረግነው ከከተማ መድረክ ወደ ገጠር የወረደውን መልሰን ወደ ከተማ ማምጣት ነው።

ይህን ስንል መድረክን ለመንቀፍ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲቋቋም፣ ከዚያ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩትን ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አገናኝቷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። መድረክ የራሱ ሕግ አለው፤ ሰዓቱ አጭር ነው፣ ተመልካቹም በአንድ ወገን ይቀመጣል። የመድረክን ጭፈራ ቀርጾ «የሠርግ ጭፈራ» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ ግን ሐሰት ጽፏል። እኛም ልንጽፍ ጥቂት ነበር የቀረን።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የባህል ጥናት ማኅበር አቁመው፣ የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ መጽሔት ያወጡ ነበር። በ1965 ደግሞ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ ሁለት የሃንጋሪ ሊቃውንት ወደ አገራችን መጥተው ብዙ ጭፈራ በፊልምና በድምፅ ቀረጹ። ማርቲን በ1967 ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች የጻፈው ጥናት ዛሬም ይነበባል። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና እንጂ ቅሬታ የለንም። ሆኖም ዘፋኙ በግጥሙ ማንን እንደ ወጋ፣ ሽማግሌው ለምን አፍሮ ከክቡ እንደ ወጣ የሚያውቀው የቋንቋው ልጅ ነው። በ1928 ሩዶልፍ ላባን ያወጣው የእንቅስቃሴ ጽሕፈት ትከሻ ወዴትና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሄድ ይመዘግባል፤ ያን ትከሻ ያነሣሣውን ግጥም ግን አይመዘግብም።

«ጭፈራ ይጠናል ወይ?» ለሚለንም አንድ ነገር እናስታውሰው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አቋቋምን በጉባኤ ቤት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ተማሪው መቋሚያው የት ላይ እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚሰማ፣ ከበሮው መቼ እንደሚመታ ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ዝማሜውን ከጭፈራ ጋር አንድ ለማድረግ አይደለም፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ሥርዓት እንዳለውና በትምህርት እንደሚያዝ አባቶቻችን አስቀድመው ማወቃቸውን ለመናገር ነው። የጎጃምና የጎንደር ትከሻ፣ የጉራጌ እግር፣ የወላይታ ወገብ፣ በትግራይ በከበሮ የሚደረገው ዙረት፣ ሁሉም እንደዚሁ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ጭፈራን በቀኑ እንፈልገው። ሠርግ በጥር፣ አሸንዳ በነሐሴ፣ መስቀል በመስከረም ነው፤ ለእኛ ዕረፍት ተብሎ የሚዛወር አንድም የለም። ሁለተኛ፣ በማስታወሻችን ላይ ከእርምጃው ጋር፣ ማን ለማን እንደ ጨፈረ፣ ፊቱን ወዴት እንዳዞረና ከማን እንደ ተማረ እንጻፍ። ከቴሌቪዥን የተማረም ከሆነ ይጻፍ፤ ይህም ራሱ ታሪክ ነው። ሦስተኛ፣ ከቀረጽነው አንድ ቅጂ ለባለቤቶቹ እንመልስ። ስንት ተማሪ «እንልክላችኋለን» ብሎ ወጥቶ እንደ ቀረ፣ እዚህ የተቀመጥን ሁላችን በየልባችን እናውቀዋለን።

ለመምህሮቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለን። ዳር ይዘው የተቀመጡት እናት ስንሰናበታቸው፣ «በጥር የልጅ ልጄን እድራለሁና ያን ጊዜ ኑ» ብለውናል። ሠርጉ የሚውለው በፈተናችን ሳምንት ነው። ፈተናው ይቅርልን አንልም፤ ከመሄዳችን በፊት ወይም ከተመለስን በኋላ እንድንፈተን ይፈቀድልን። ፈተና ሊጠብቀን ይችላል፤ ሙሽራዋ ግን አትጠብቀንም።

ይዘን የምንሄደው ያለፈውን ፊልም ቅጂ ነው። በዚያ ግቢ ካሳየነው በኋላ፣ ከክቡ ዳር ቆመን እናጨበጭባለን፤ መቅረጫውን የምናነሣው እናቲቱ ሲፈቅዱልን ብቻ ነው።