ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ጸሐፊ

ስለ መኪና የሚጽፍ ሰው ሥራው የምቾት ይመስላል፤ አዲስ መኪና ተሰጥቶት፣ ቤንዚኑ ተሞልቶለት፣ ማታ ሁለት ገጽ መጻፍ። እንግሊዛዊው ዴኒስ ጄንኪንሰን ግን ሌላ ሰው ነው። «ሞተር ስፖርት» ለተባለው መጽሔት ከአውሮፓ የውድድር ሜዳዎች ይዘግብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1955 ጣሊያን ውስጥ በተካሄደው የሚሌ ሚሊያ ውድድር ከሹፌሩ ከስተርሊንግ ሞስ ጎን በመርሰዲስ 300 ኤስኤልአር ተቀመጠ። ከብሬሺያ ሮም ደርሶ መልስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም ሕዝብ በሚመላለስበት መንገድ። ጉዞውን አስቀድመው ደጋግመው ነድተው አጥንተውታል። ጄንኪንሰን አደገኛውን ኩርባ፣ መንገድ የሚጋርደውን ጉብታ ሁሉ ከ5 ሜትር በሚበልጥ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ መስኮት ባላት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ጠቀለለው። ሞተሩ ጆሮ ስለሚያደነቁር መነጋገር የለም፤ እያነበበ በእጁ ምልክት ይሰጣል፣ ሞስ ከጉብታው ወዲያ ያለውን ሳያይ አምኖት ይነዳል። መንገድ ላይ ጄንኪንሰንን አስመለሰው፤ ወደ ውጭ ሲያዘነብል ነፋሱ መነጽሩን ወሰደበት። ደግነቱ ትርፍ ይዞ ነበር!

በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨርሰው አሸነፉ። ከዚያ ጄንኪንሰን ቁጭ ብሎ ዘገባውን ጻፈ፤ የሞተር ስፖርት ወዳጆች ዛሬም ያነቡታል። እኔ ግን ከዘገባው ይልቅ ያን ጥቅል ወረቀት አደንቃለሁ። አንድ ኩርባ ተሳስቶ ቢጽፍ፣ ሹፌሩም ጸሐፊውም አብረው ገደል ይገቡ ነበር።