«የማን ኃጢአት ነው?»
(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

የበዓሉ አዘጋጆች ስለ እምነት ጥቂት እንድንናገር ሲጠይቁን «እኛ ታክሲ ነጂዎች እንጂ የመጻሕፍት መምህራን አይደለንም» ብለን ነበር። ይሁን እንጂ ሌሊት መንገደኛ አድርሰን ባዶ መኪና ይዘን ስንመለስ ከጥያቄ ጋር ብቻችንን የምንቀር ሰዎች ነን። ስለዚህ አንዱን ጥያቄ ይዘን ቀርበናል።

ሁላችሁም እንደምታስታውሱት፣ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ የተገደለው ሜይ 25 ቀን 2020 (ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም.) ከሌክ ስትሪት በስተደቡብ፣ በ38ኛው ጎዳናና በቺካጎ አቬኑ መገናኛ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በሌክ ስትሪትና በሚኒሃሃ አቬኑ አጠገብ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ሲቃጠል፣ ዕለቱ የጌታችን የዕርገት በዓል ነበር። በወረርሽኙ ምክንያት ብዙዎቻችን በዓሉን ያሳለፍነው ከቤታችን ሆነን ነው። በእነዚያ ሌሊቶች ፖስታ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ የስደተኛውም ሱቅ ሳይለይ ነደደ።

ከነደዱት ሱቆች አንዱ የአንድ ወንድማችን ነበር። ዓመታት ታክሲ ነድቶ ባጠራቀመው ገንዘብ የከፈተው ነው። ሰው አልገደለም፤ እሳትም አልለኮሰም። በሳምንቱ ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ከመካከላችን አንዱ «እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አይቀጣም፤ እሑድ እንኳ ሱቁን አይዘጋም ነበር» አለ። ሌሎቻችን ዝም አልን። ነገሩ ከባለቤቱ ጆሮ ደረሰ፤ ወንድማችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማኅበራችን ቀረ። ዛሬም በዚህ አዳራሽ የለም። ልጆቻችን ደግሞ ወሬውን ሰምተው «ጋሼ መጥፎ ሰው ነበር እንዴ?» ብለው ሲጠይቁን «በእግዚአብሔር ሥራ አይገባም፤ ዝም በሉ» አልናቸው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው በሚጠሩት ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ የአገሩ ከብት በአብዛኛው አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ሕዝብ በረኀብ ሲረግፍ፣ «ይህ ቁጣ በማን ኃጢአት መጣ?» ያለው ሰው ብዙ ነበር። በሽታው በምጽዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች እንደመጣ ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን በሽታው በየት እንደገባ ማወቅ፣ «ለምን የእኔ ልጅ?» ያለችውን እናት አያጽናናም።

ወደ ወንጌል እንመለስ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታም የሁለቱም አይደለም አለ። በሉቃስ ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረዳ። አድማጮቹ ግን ስለ ራሳቸው ንስሐ እንዲያስቡ አሳሰበ።

በሌላ በኩል በዐቢይ ጾም 4ኛ እሑድ የምናስበውን መጻጉዕን፣ 38 ዓመት የታመመውን ሰው፣ ዳግመኛ እንዳይበድል አስጠንቅቆታል። እንግዲህ ኃጢአት መከራን ያመጣል ወይስ አያመጣም? ሁለቱም ቃል የአንዱ ጌታ ቃል ነው። እኛ አንድ ነገር እናስተውላለን፤ መጻጉዕን ያስጠነቀቀው አስቀድሞ ከፈወሰው በኋላ ነው፤ የተናገረውም ለራሱ ለሰውየው እንጂ በሌለበት ለቡና ጠጪዎች አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ሳንጨርስ የተሰደድን ብዙዎች፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለ ብለን ተምረን ነበር። የአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ግን ሌላ መንገድ አለው። መምህሩ አንዱን ፍቺ ይናገርና «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ አሁንም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል። ደቀ መዝሙሩም ይጠይቃል። ስለዚህ ለልጆቻችን «ዝም በሉ» ማለታችን የአባቶቻችን ሥርዓት አይደለም።

መጽሐፈ ኢዮብንም እንመልከት። የእስልምና ተከታይ አባሎቻችንም አዩብ ብለው ያከብሩታል። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀን ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ይህ በጎ ሥራቸው ነበር፤ እኛም ለቅሶ ቤት የምናደርገው ይህንኑ ነው። ስሕተታቸው የጀመረው ምክንያቱን እናውቃለን ብለው ሲናገሩ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው አምርሮ በጠየቀው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ስለ እግዚአብሔር የተከራከሩ በመሰላቸው በወዳጆቹ ላይ ነው። ይቅርታም ያገኙት ወደ ኢዮብ ሄደው፣ እርሱ ከጸለየላቸው በኋላ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ሱቁ ለምን እንደተቃጠለ ዛሬም መልስ የለንም። መልስ የሌለው ጥያቄ ይዞ ማመን ይቻላል፤ ወንድምን በመልስ ማቁሰል ግን እምነት አይደለም። ኢዮብ ዘንድ የሄዱት ወዳጆቹ ናቸው፤ እርሱ ወደ እነርሱ አልመጣም። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከዚህ በዓል በኋላ በመጪው እሑድ፣ በዚያ ቡና ላይ የነበርን ሁሉ ወደ ወንድማችን ቤት አብረን እንሂድ። የጠየቁንን ልጆችም ይዘን እንሂድ። የምናስረዳው ነገር የለንም፤ ይቅርታ ጠይቀን አብረነው እንቀመጣለን።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።