እርግጫ በካታ ውስጥ፤ መልኩና ፍቺው



ካታ አንዳች ሳይለወጥ ከጥንት የወረደ ቅርስ ነው የሚል እምነት በብዙ አሠልጣኞች ዘንድ ሥር ሰዷል። የእርግጫ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል።

አንኮ ኢቶሱ በኦኪናዋ ያዘጋጁት ፒናን ሾዳን፣ ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 እ.ኤ.አ. ወደ ቶኪዮ ከተሻገሩ በኋላ በሾቶካን ዘንድ «ሄያን ኒዳን» ተብሏል። በኦኪናዋው አሠራር እጅና እግር አብረው በሚሰነዘሩበት ቦታ የሚገኘው የፊት እርግጫ ነው፤ በሾቶካን ግን የጎን እርግጫ ተተክቶበታል።

ለውጡ የመልክ ብቻ አይደለም። የፊት እርግጫው፣ እጅ የባላጋራን ክንድ ይዞ ሳለ፣ ከቅርብ ብሽሽትን ይመታል። የጎን እርግጫው ዳሌን አዙሮ በእግር ጠርዝ ከጎን የመጣውን ይመልሳል። ለዕይታ ሲባል ከልክ በላይ ከፍ ካለ ግን የቆመው እግር ሚዛኑን ያጣል፤ የተነሣውም ለመያዝ ይመቻል።

በቴኪ ሾዳን ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚመለሰው እግር ከጠለፋ ማምለጫም፣ የባላጋራን ጉልበት በውስጥ በኩል መምቻም ተብሎ ይፈታል።

እንግዲህ ለዳኛ ዓይን ብቻ የሠለጠነ ተማሪ በጭንቅ ቀን ምን ይተርፈዋል? አሠልጣኙ ሁለቱንም መልክ ያሳየው፤ የትኛው እንደሚቀድምም አይሸሽገው።